ሔለን ኬለር ከመጽሐፍ የተኳረፈችበት ጊዜ

ስለ ሔለን ኬለር ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው የውኃውን ታሪክ ነው። በ19 ወሯ ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣችው የአላባማዋ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ አንድ እጇ ላይ ውኃ እየፈሰሰ፣ በሌላው መዳፏ ላይ ደግሞ መምህሯ አን ሱሊቫን ቃሉን ፊደል በፊደል ስትጽፍላት፣ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ገባት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1887 ነበር። ተራኪዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን የምንወደው ከዚያ የቀጠለውን ነው።

ልጅቱ በካርቶን ላይ ጎላ ብለው የታተሙ ፊደላትን በጣቷ እየዳሰሰች ማንበብ ጀመረች። በዓመቱ ቦስተን ወደሚገኘው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስትሄድ ከቤተ መጻሕፍቱ አልወጣ አለች። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞረች እጇ የገባውን ሁሉ ታነባለች። ከአሥር ቃል አንዱን ብታውቅ ነው፤ እሷ ግን ግድ አልነበራትም።

በ11 ዓመቷ ስለ ውርጭ አንድ ተረት ጻፈችና ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለማይክል አናግኖስ የልደት ስጦታ ላከች። ሰውየው ደስ ብሎት አሳተመው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ተረቱ ማርጋሬት ካንቢ የተባለች ደራሲ ሔለን ከመወለዷ በፊት ካሳተመችው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ለካ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የበጋ ወቅት መጽሐፉ በእጇ ላይ ተነቦላት ኖሯል። ማን እንዳነበበላት፣ መቼ እንደሆነ ረስታዋለች፤ ቃላቱ ግን ቀርተዋል። ለማያይና ለማይሰማ ልጅ ቃል ከመጽሐፍና ከሰው እጅ ሌላ ከየት ይመጣል?

የትምህርት ቤቱ መምህራንና ኃላፊዎች ተሰብስበው መረመሯት። መምህሯን ከክፍሉ አስወጥተው፣ 12 ዓመት እንኳ ያልሞላትን ልጅ ብቻዋን በጥያቄ አጣደፏት። መስረቋን ማረጋገጥ አልቻሉም፤ ጉዳቱ ግን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ጣዕም አጣባት። ለእናቷ ደብዳቤ ስትጽፍ እንኳ አረፍተ ነገሩ ከሌላ ሰው የመጣ እየመሰላት ደጋግማ ትፈትሸው ነበር።

ይህን ስናነብ በማኅበራችን የጎልማሶች ትምህርት ላይ ደብተራቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚቀመጡ እህቶቻችን ትዝ አሉን። ፊደሉ ጠፍቷቸው አይደለም፤ በልጅነታቸው ክፍል ውስጥ ሲያነቡ የተሳቀባቸው ናቸው።

ሔለንን ማንም ተጭኖ አላስመለሳትም። መምህሯ አግባብታ የራሷን አጭር የሕይወት ታሪክ ለአንድ የወጣቶች መጽሔት እንድትጽፍ አደረገቻት። ያ እንኳን የእሷ ነው፤ ማን ከእኔ ተወሰደ ሊል ይችላል! በ1893 መጸው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላቲን መማር ጀመረች፤ መጀመሪያ ላይ ሰዋስዉ ሰልችቷት ነበር፤ እየቆየ ግን ቋንቋው ራሱ ማረካት። ያው አስተማሪ የቴኒሰንን ረጅም የሐዘን ግጥም ቀስ ብሎ አብሯት አነበበ። አንድ ደራሲ የራሱ ድምፅ እንዳለው የለየችው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አስተያየት ያዳናት ይህ ነው፤ የሰውን ድምፅ የለየ የራሱንም አያጣውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጣን ነው። የሕይወት ታሪኳ በ1903 በመጽሐፍ ወጣ፣ በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ማተሚያዎች በአንድ ዓይነት ነጥብ ስለማይስማሙ፣ ያገኘችውን ሁሉ ለማንበብ የተለያዩ አጻጻፎችን መማር ነበረባት።

አን ሱሊቫን በ1936 አረፈች። ሔለን ስለ እሷ መጽሐፍ ስትጽፍ ብዙ ደከመች። በ1946 ለሥራ አውሮፓ ሳለች ቤቷ ተቃጠለ፤ መጻሕፍቷም ረቂቁም አብረው ነደዱ። ቤቱ እንደገና ተሠራ፤ እሷም መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። በ1955 ታትሞ ወጣ።