አባ አንቶንዮ ኔሪ፦ የእሳቱን ምሥጢር ለሁሉ የጻፉ ካህን

ማለዳ በቤተ ክርስቲያን መስኮት በኩል ገብቶ በመንበረ ታቦቱ ላይ የሚያርፈውን ባለ ቀለም ብርሃን ስንመለከት፣ ያ መስተዋት አስቀድሞ ድንጋይና ዐመድ እንደ ነበረ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ድንጋይን ከዐመድ ጋር በእሳት አዋሕዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ብርጭቆ ማድረግ ለብዙ ዘመናት በጥቂት ቤተሰቦች ዘንድ ተሰውሮ የኖረ ጥበብ ነበር። ይህን ጥበብ በገዛ እጃቸው እየሠሩ መርምረው፣ የመረመሩትንም ሳይሰስቱ በመጽሐፍ ያሳተሙት የፍሎረንሱ ካህን አባ አንቶንዮ ኔሪ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ኔሪ በ1576 በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቶስካና ታላቅ መስፍን የነበሩት የፈርዲናንዶ ቀዳማዊ ሐኪም ነበሩ። በዚያ ዘመን ሕክምና ከመድኃኒት ቅመማ፣ ቅመማውም ከእሳትና ከማዕድን ምርመራ ጋር የተሳሰረ ስለ ነበር፣ በኋላ የያዙት መንገድ ለቤታቸው ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ገና በወጣትነታቸው ክህነትን ተቀበሉ። ከ1598 እስከ 1600 ባለው ጊዜም ስለ ማዕድንና ስለ ቅመማ ሥራ የሚናገር፣ በሥዕል የተጌጠ አንድ የእጅ ጽሑፍ አዘጋጁ። ከዚያም ዶን አንቶንዮ ዴ ሜዲቺ የተባሉት መስፍን በሳን ማርኮ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ውስጥ በነበረው የምርመራ ስፍራ፣ በብርጭቆ ምድጃ አጠገብ መሥራት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ከሁሉ የላቀ ብርጭቆ የሚሠራው በቬኒስ ነበር። የቬኒስ መንግሥት በ1291 እሳት ከተማይቱን እንዳያጠፋ በመስጋት ምድጃዎቹን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረ፤ ከጊዜ በኋላም ባለሙያዎቹ ጥበባቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ በብርቱ ሕግ ከለከለ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በቤተሰብ ውስጥ ተቈልፎ ይኖር ነበር። ምሥጢሩ እንጀራ ነበርና ባለሙያው ቢደብቀው አያስደንቅም።

አባ ኔሪ ግን የሰሙትን ሁሉ እንደ ሰሙት አልተቀበሉም። የትኛው ድንጋይ ለብርጭቆ እንደሚሆን ለማወቅ ድንጋዩን ከብረት ጋር ማጋጨትን መፈተኛ አደረጉ፤ የእሳት ፍንጣሪ የሚሰጠው ወደ ብርጭቆነት ይለወጣል፣ የማይሰጠው ግን አይለወጥም አሉ። ድንጋዩ በቀላሉ እንዲቀልጥ የሚረዳው ጨው በአብዛኛው ከምሥራቅ አገሮች ከሚመጣ የዕፀዋት ዐመድ ይገኝ ነበር። እርሳቸው ግን የባቄላን አገዳና ገለባ የመሳሰሉትን በቅርብ የሚገኙ ተክሎች አቃጥሎ፣ ዐመዱንም በውኃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎና አፍልቶ ጨው ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ።

ስለ ቀለም ያስተማሩትም እንዲሁ ከሥራ የተገኘ ነው። ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን በጥቂቱ ሲጨመር የብርጭቆውን አረንጓዴነት ያጠፋል፤ ሲበዛ ግን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። ስለዚህ መጠኑ በሚዛን ብቻ እንደማይወሰን፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በዐይን መከታተል እንደሚገባ ጻፉ። እርሳስ በሚገባ ሳይቃጠል ከገባም ወደ ታች ዘቅጦ የማቅለጫውን ሸክላ እንደሚበሳና ድካምን ሁሉ በምድጃው ውስጥ እንደሚያፈስ አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ በእሳት ፊት የቆመ ሰው ብቻ ነው።

በ1604 ገደማ ወደ አንትወርፕ ተጉዘው፣ ኢማኑኤል ሺሜኔስ በተባሉ ፖርቱጋላዊ ወዳጃቸው ዘንድ ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በዚያችም ከተማ ከብርጭቆ ሠራተኞች ጋር ሆነው፣ ብዙ ኅብረ ቀለም ያለውን የከበረ ድንጋይ የሚመስል ብርጭቆ ሠሩ፤ ከእርሱም የተሠሩት ዕቃዎች ለኦራንዡ ልዑል ቀርበው ልዑሉን ደስ አሰኙ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1612፣ የብርጭቆ ጥበብ የተሰኘው መጽሐፋቸው በፍሎረንስ ታተመ። በ7 ክፍልና በ133 ምዕራፍ የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ስለ ብርጭቆ አሠራር ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው። አባ ኔሪ ስለ ቅመማ ሌላ ሥራ ለማሳተም አስበው ነበር፤ ነገር ግን በ1614፣ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። መጽሐፉን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ አዘግይተውት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ድካም አብሮአቸው በተቀበረ ነበር።

መጽሐፉ በ1662 በክሪስቶፈር ሜረት ወደ እንግሊዝኛ፣ በ1668 ወደ ላቲን፣ በ1679 ደግሞ በዮሐን ኩንክል ወደ ጀርመንኛ ተተረጐመ። ኩንክል ራሱ የምድጃ ሰው ስለ ነበር፣ የአባ ኔሪን ትምህርት በእሳት ፈትኖ ትክክል ያልመሰለውን በየምዕራፉ ዐረመ። አባ ኔሪም እንደ ዘመናቸው ሰዎች ተራ ማዕድንን ወደ ወርቅ መለወጥ ይቻላል ብለው ያምኑ ነበርና ስሕተት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ወርቅን በብርጭቆ ውስጥ አሟሙቶ ቀይ ቀለም ማግኘት እንደሚቻል የጠቈሙትን ነገር ኩንክል በኋላ በሥራ ወደ ፍጻሜ አደረሰው። እርማቱ ክብራቸውን አላጐደለውም፤ የተደበቀ ነገር ሊታረም አይችልምና።

የተከበራችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የእጅን ሥራ ዝቅ አድርጎ ማየት ለለመደ ሰው የእኚህ ካህን ሕይወት ተግሣጽ ነው። ሠውተው በቀደሱበት እጅ ዐመድ አጥልለዋል፤ ከምድጃ ሠራተኛም ለመማር አላፈሩም። ለሚያስተምር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራሉ፦ የሚያስተምረውን አስቀድሞ በራሱ እንዲፈትን፣ የሳተበትን ሳይሸሽግ እንዲናገር፣ ያወቀውንም ነገ እሰጣለሁ ብሎ እንዳያቈይ።