ኡሙ አይመን፦ ያልተጣለችው ሐበሻ



ሲቸግረን ደውለን፣ ጉዳያችን ሲሞላ ብሎክ የምናደርግ በዝተናል። ዛሬ ስለ አንዲት የሐበሻ ሴት ላጫውታችሁ፤ ስሟ በረካ፣ ኩንያዋ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአባታቸው ከዐብዱላህ የወረሷት ባሪያ ነበረች። እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ስትሞት ገና የ6 ዓመት ልጅ ናቸው። ያንን የቲም ይዛ መካ የገባችው እሷ ናት። እስቲ ያንን የበረሃ መንገድ አስቡት! በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን ሲያገቡ ነጻ አወጧት። እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ልጁ አድጓል፣ ሞግዚት አያሻውም። እሳቸው ግን እንደ እናት ያከብሯት፣ ቤቷ ድረስ ሄደው ይዘይሯት ነበር። እጅግ የሚወዱትን ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን አግብታ ኡሳማን ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆነ።

በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር፣ እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው ሊዘይሯት ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። ያስለቀሳት ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ መቋረጡ ነበር። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።