ማክስ ታይለርና የቢጫ ወባ ክትባት

ቢጫ ወባ ለብዙ ዘመናት የወደብ ከተሞችን ሲያራቁት የኖረ በሽታ ነው። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ መሆኑ በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በኩባ በተደረገው ምርመራ ቢረጋገጥም፣ የሰውን አካል ከበሽታው የሚጠብቅ አስተማማኝ ክትባት እስኪገኝ ድረስ ከ35 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ይህን ክትባት ለዓለም ያበረከቱት ማክስ ታይለር ናቸው።

ታይለር በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶርያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አርኖልድ ታይለር ከስዊስ አገር መጥተው በዚያ የሰፈሩ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማክስ በለንደን የሕክምናንና የቆላ በሽታዎችን ትምህርት ተከታትለው በ1922 የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ፤ የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ ግን አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ሂዴዮ ኖጉቺ የቢጫ ወባ መነሻ ሌፕቶስፒራ የተባለ ባክቴሪያ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ታይለርና ባልደረባቸው ግን ይህ ባክቴሪያ የዌይልን በሽታ ከሚያመጣው የማይለይ መሆኑን አሳዩ። በ1927 በምዕራብ አፍሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች አሲቢ ከተባለ በሽተኛ ደም ወስደው በሽታውን ወደ ጦጣ በማስተላለፋቸው፣ መነሻው ቫይረስ ለመሆኑ ማስረጃ ተገኘ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት፣ ኖጉቺም በ1928 በዚሁ በሽታ ሞቱ። ታይለርም ራሳቸው በ1929 በላቦራቶሪ ውስጥ በበሽታው ተይዘው ነበር፤ ነገር ግን ድነው ለዘለቄታው የመከላከል ኃይል አገኙ።

ለምርምር የሚያስፈልገው ጦጣ ውድ ነበር። ታይለር ቫይረሱ በነጭ አይጥ አንጎል ውስጥ ሊራባ እንደሚችል በ1930 አስታወቁ። ከዚህም የተነሣ ቀላል መመርመሪያ ተገኘ፤ የአንድ ሰው ሴረም ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ ለአይጥ ሲሰጥ አይጡ ከዳነ፣ ሰውየው ከዚህ ቀደም በበሽታው ተይዞ የመከላከል ኃይል እንዳበጀ ይታወቃል። በሽታው የደረሰባቸው አገሮች ካርታ የተነሣው በዚህ መንገድ ነው።

በአይጥ አንጎል የተራባው ቫይረስ ለጉበት ያለው ጉዳት ቢቀንስም፣ የነርቭ ሥርዓትን ስለሚያጠቃ ለክትባትነት አላረካቸውም። ወደ ሮክፌለር ድርጅት ከተዛወሩ በኋላ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአሲቢን ቫይረስ መጀመሪያ በአይጥ ሽል፣ ቀጥሎም በጫጩት ሽል፣ በመጨረሻም የነርቭ ክፍሉ በወጣለት የጫጩት ሽል ሕዋሳት ላይ ደጋግመው አራቡት። በ89ኛውና በ114ኛው ሽግግር መካከል ቫይረሱ የገዳይነት ጠባዩን አጣ፤ አካልን የማንቃት ችሎታው ግን አልጠፋም። 17ዲ የተባለው ይህ ክትባት በ1937 ይፋ ሆኖ በብራዚል በሰፊው ይሰጥ ጀመር።

መንገዱ ግን ያለ እንቅፋት አልነበረም። በ1942 የተከተቡ ብዙ ሺህ የአሜሪካ ወታደሮች በጉበት በሽታ ታመሙ። ጥፋቱ የ17ዲ ቫይረስ ሳይሆን፣ በክትባቱ ውስጥ ይጨመር የነበረው የሰው ሴረም ነበር። ሴረሙ እንዲቀር ከተደረገ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ክትባት የሚመዘነው በውስጡ ባለው ቫይረስ ብቻ ሳይሆን አብሮት በሚገባው ነገር ሁሉ መሆኑን ሙያው ከዚህ ተማረ።

ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ በግምት 30,000 ሰዎችን ፈጀ። ክትባቱ ከተገኘ ከ20 ዓመታት በላይ ቢሆነውም የአካባቢው ሕዝብ አልተከተበም ነበር። መድኃኒት መኖሩ ብቻውን ሰውን እንደማያድን ይህ መራራ ምስክር ነው።

ታይለር በ1972 በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን ከተማ አረፉ። ክትባታቸው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እንዳስታወቀው አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ ይበቃል።