ዐፄ ቴዎድሮስ፦ ሐዘን ሲደራረብ

ከወረታ ተነስተው፣ የፎገራን ሜዳ ከኋላ ትተው ወደ ምሥራቅ ሲወጡ የሚያገኟት ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። የንጉሡን ጀግንነት ያውቃሉ። ዛሬ የምንነግርዎ ግን ስለ ተሸከሙት ሐዘን ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደረሰባቸው

በ1818 አካባቢ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ በ1855 ነገሡ። በ1858 በጣም የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። በ1860 ወዳጃቸው ፕላውደን ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ሌላው ወዳጃቸው ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከሉ ወደቁ። በቅርብ ያዩዋቸው ሰዎች ከዚያ ወዲህ ቁጣቸው እየባሰ መሄዱን ጽፈዋል። በ1866 ጎንደር በትእዛዛቸው ተቃጠለች።

ውጥረት ይለካል?

በ1967 ሆልምስና ራህ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በሕይወት ለሚያጋጥሙ 43 ለውጦች ነጥብ ሰጡ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ የቤተሰብ አባል ሞት 63፣ የቅርብ ወዳጅ ሞት 37 ነው። ንጉሡ እንዳደረጉት እንደገና ማግባት እንኳ 50 ነጥብ አለው፤ ደስታም ለውጥ ነውና።

ራህ መለኪያውን በ2,500 ያህል የባሕር ኃይል መርከበኞች ላይ ሞከሩት። ቀደም ባሉት ስድስት ወራት ብዙ ነጥብ የነበራቸው መርከበኞች በጉዞው ላይ በመጠኑ ይበልጥ ታመሙ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነጥብዎ ቢበዛ አይደንግጡ፤ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ንጉሡንም በዚህ ብቻ መርምረን ሕመም ልንሰይምላቸው አንችልም።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

መርከበኞች ወደብ ሲደርሱ የሚያርፉትና የሚጫወቱት ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎም ባለፈው ዓመት የደረሰብዎትን ይቁጠሩ። ሐዘን ከተደራረበ ትልልቅ ውሳኔዎችን ያዘግዩ። ማታ በሰዓቱ ይተኙ፤ ጠዋት በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትና መጨዋወት ጊዜ ማባከን አይምሰልዎ። ሐዘንን በመጠጥ ለመርሳት አይሞክሩ።

እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቤተሰብ ከሆኑ ታማሚውን ብቻውን አይላኩት፤ አብረውት ይሂዱ።

ንጉሡ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ፣ በጠላት ጦር ተከበው ሕይወታቸው አለፈ። ያን ሞት ለግል ሐዘን መልስ አድርገው አይዩት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይናገሩ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ይህ ሕመም ይታከማል።