ጳውሎስ ኞኞ፦ ከአራተኛ ክፍል እስከ ዋና አዘጋጅ

ስለ አገራችን ጋዜጠኞች ሲወራ ጳውሎስ ኞኞ ሳይነሳ አይቀርም። በ1926 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ቁልቢ ተወለደ። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን እውቀት ያገኘው በማንበብና በመጠየቅ ነው።

«የኢትዮጵያ ድምፅ» ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ይበልጥ የታወቀው ግን በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ነው። አንባቢ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። መልሱ አጭር ነው፤ አንዳንዴም ያስቃል።

እኔ ያደግኩት ኩልመስክ ነው። በዚያ ዘመን ላስታን ለመሰለ ሩቅ አገር ጋዜጣ ቢደርስ እንኳ ዜናው አርጅቶ ነው። የጥያቄ መልስ ግን ከወር በኋላም ይነበባል። ደግሞም የገጠሩ ሰው ቴምብር ከገዛ ራሱ ጠያቂ መሆን ይችላል። ለኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

መጻሕፍቱም እንደዚያው ናቸው። በ1980 «የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት»ን አሳተመ። በ1984 በወጣው «አጤ ምኒልክ» ደግሞ ስለ ንጉሡና ስለ ዓድዋ ብቻ ጽፎ አላበቃም፤ ስልኩ፣ ባቡሩ፣ አውቶሞቢሉ እንዴት እንደገባ ይተርካል። የእንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪና አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ተራው አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነገር እንደሆነ ጳውሎስ ከደብዳቤዎቹ ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

ያረፈው በዚያው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዲግሪ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ተመርቀን ስንወጣ የኩልመስክ ገበሬ ምን መጠየቅ እንደሚፈልግ ካላወቅን፣ የምንጽፈው እርስ በርሳችን ለመነባበብ ብቻ ይሆናል።