የመንዙ ጌራ

ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ ከቆላው በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው ደጋ የመንዝ አገር ይገኛል። ከመንዝም ክፍሎች አንዱ ጌራ ምድር ይባላል። ይህ ስም የወጣው በጥንቱ አቅኚ በጌራ ነው።

የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ጌራና አስቦ የተባሉ ሁለት አባቶች መንዝን አቀኑ። ምድሩንም ተካፍለው ገብስ ዘሩ፤ በግና ከብትም አረቡ። ነገር ግን ጓሳ የሚባለውን ብርዳም ሜዳ አላረሱትም። በዚያ የሚበቅለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ በበጋም ከብትን ከረኃብ ያድናል። ሁሉ እንደ ፈቃዱ ቢያጭደው ግን ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ ሜዳው ለልጆቻቸው ሁሉ በአንድነት እንዲጠበቅ አደረጉ።

የጥበቃውም ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። የጌራ ልጆችና የአስቦ ልጆች እያንዳንዳቸው አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ዝናብ ሲጀምርም እንደ ገና ይዘጋል። ከብቱ እየከሳ ሜዳውን መጠበቅ ጭንቅ ነበረ። ቢሆንም ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው ጽኑ ቅጣት ይቀበል ነበር።

ይህ ጥበቃ ለአራዊትም መጠጊያ ሆነ። ቀይ ቀበሮ ግልገል ይበላል ተብሎ ይጠላል፤ ነገር ግን ዋና ምግቡ የሜዳ አይጥ ነው። ጭላዳም የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ሣር ነው፤ ሜዳው ሲታረስበት ግን ወደ ገብሱ ገብቶ ከገበሬ ጋር ይጣላል። እንግዲህ ለአራዊት ስፍራ መተው የሰውንም እርሻ መጠበቅ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ተመካክረው ጠባቂዎች መረጡና ሜዳውን መለሱት፤ የክልሉም መንግሥት በሕግ አጸናላቸው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፣ በቍጥርም 500 ያህል ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ ይኖራል።

ጌራ ያረሰው እርሻ በዘመኑ የነበሩትን መገበ። ሳያርስ የተወው ሜዳ ግን የልጅ ልጆቹን እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ብልህ ሰው ያገኘውን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርስም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣውም ያስባል።