ያልሳቀው ልጅና ወይዘሮ ካሜሮን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አፀደ ሕፃናት የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ፎቶ እንዳነሳ ተጠይቄ ነበር። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ካሜራ የያዝኩት በፍቅር ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም ሳቁ እያልኩ አነሳለሁ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ግን አልስቅ አለኝ። ቀለድኩለት፣ ኮረኮርኩት፣ ከረሜላ አሳየሁት። በመጨረሻ እንደምንም ከንፈሩን ገለጥ አደረገልኝ፤ እኔም አነሳሁት። ልጁ ከሄደ በኋላ መምህርቷ ጠጋ ብላ እናቱ ከሞተች ገና ወር እንዳልሞላት ነገረችኝ።

ያ ፎቶ አሁንም ኮምፒዩተሬ ውስጥ አለ። ላጠፋው አልደፈርኩም፤ ለአባቱም አልሰጠሁትም። ፎቶው ላይ ያለው ሳቅ የእኔ እንጂ የልጁ አይደለም።

ልጆችን እንዴት ማንሳት እንደሚገባ የሚያወሱ መጻሕፍትን ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ፍለጋዬ ያደረሰኝ ከሞቱ ከ140 ዓመት በላይ ወደሆናቸው ወደ አንዲት እንግሊዛዊት ወይዘሮ ነው። ስማቸው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ካሜሮን በ1815 በሕንድ አገር ካልካታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ሲሆኑ፣ እናታቸው ከፈረንሳይ መኳንንት የሚወለዱ ነበሩ። ልጅነታቸውንም በአብዛኛው ያሳለፉት ፈረንሳይ ነው። በ1836 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘው ሳለ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰኑ ሁለት ሰዎችን ተዋወቁ። አንዱ 20 ዓመት የሚበልጧቸው የሕግ ሰው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ናቸው፤ በ1838 ተጋቡ። ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሸል ናቸው። ፎቶግራፍ ስለሚባለው አዲስ ግኝት ለወይዘሮዋ በደብዳቤ የነገሯቸው እኚህ ሊቅ ነበሩ።

ባልና ሚስቱ በ1848 ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ በ1860 ደግሞ አይል ኦፍ ዋይት በተባለው ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር ቤት ገዙ። ወይዘሮዋ ስድስት ልጆች ወልደዋል፤ ወላጅ ያጡ የዘመድ ልጆችንም አሳድገዋል። ቤታቸው ልጅ የማይጠፋበት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

በታኅሣሥ 1863 ባለቤታቸው የቡና እርሻቸውን ለማየት ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሄደው ሳለ፣ ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነት እንዳይሰማቸው በማሰብ ካሜራ በስጦታ አመጡላቸው። ወይዘሮዋ ያን ጊዜ 48 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው አረፍ ማለት በሚያስብበት ዕድሜ እሳቸው ሥራ ጀመሩ። ዶሮዎቹን አስወጥተው የዶሮ ቤቱን የመስታወት ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ደግሞ ጨለማ ክፍል አደረጉት።

የዚያን ጊዜው ፎቶ ማንሳት የዛሬውን አይመስልም። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ መስታወቱ በብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ይነሳል፤ አሁንም ሳይደርቅ ይታጠባል። ኬሚካሉ እጅ ያጠቁራል፤ ልብስ ያበላሻል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚነሳው ሰው ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም ለበርካታ ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቆየት ያለበት መሆኑ ነው። የዛሬ ካሜራ የሰከንድ አምስት መቶኛ በማትሞላ ጊዜ የሚሮጥ ልጅ ያስቀራል። የአራት ዓመት ልጅ ለአምስት ደቂቃ እንዳይነቃነቅ ማድረግን እስቲ አስቡት!

ወይዘሮዋንም በመጀመሪያ የገጠማቸው ይኸው ነው። በጥር 1864 ሁለት ልጆችን አስቀምጠው በማንሳት ላይ ሳሉ አንዱ ሳቁ አመለጠውና መስታወቱ ተበላሸ። ተስፋ አልቆረጡም። አኒ የምትባለውን ልጅ ብቻዋን አስቀመጡና፣ ብትነቃነቂ የእኔ የምስኪኗ ድካምና ኬሚካል ከንቱ ይቀራል ብለው ለመኗት። ልጅቷ አዘነችላቸውና ዝም ብላ ተቀመጠች። ፎቶው ሲወጣ በደስታ ቤቱን እየዞሩ ለልጅቷ የሚሰጡት ስጦታ ፈለጉ፤ በዚያው ዕለት አሳትመውና ፍሬም አስገብተው ለአባቷ ሰጡ። የመጀመሪያው ስኬቴ የሚል ስምም አወጡለት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ታዘብኩ። እሳቸው ልጅቷን ለመኑ፤ እኔ አዘዝኩ።

ወይዘሮዋን ግን መልአክ አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። የእህታቸው የልጅ ልጆች ትልቅ ሆነው እንዳስታወሱት፣ ከባድ የዝይ መሰል ወፍ ክንፍ ትከሻቸው ላይ እያሰሩ መላእክት ያደርጓቸው ነበር፤ ልጆቹም አይወዱትም። ነገር ግን ከማንሳታቸው በፊት ሞግዚቶቹ በሥርዓት ያበጠሩትን ፀጉር በገዛ እጃቸው ያንጨባርሩት ነበር። ተለብሶና ተበጥሮ ለፎቶ የቀረበ ልጅ አይፈልጉም። የሁለት ዓመት ከሦስት ወር የልጅ ልጃቸውን አርቺን ደግሞ በ1865 ተኝቶ ሳለ አነሱት። የተኛ ልጅ አይነቃነቅም፤ የተኛ ልጅ አያስመስልምም።

ልጅ ሲነቃነቅ ፎቶው ይደበዝዛል። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ያለውን ይጥሉት ነበር። እሳቸው ግን የወደዱትን አሳትመው ለኤግዚቢሽን ያቀርቡታል፤ ለሽያጭም ያወጡታል። የሙያው ጋዜጦች ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት አይችሉም እያሉ ተሳለቁባቸው። ይሁንና ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው የለንደን ሙዚየም ያን ጊዜ በ1865 ሥራዎቻቸውን ገዛ፤ በ1868ም ለስቱዲዮ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ሰጣቸው።

በዚያው 1868 በሐምሌ ወር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እሳቸው ዘንድ ቀረበ። ይህን ልጅ እኛ እናውቀዋለን። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ ነው።

አባቱ ራሳቸውን በመቅደላ የሠዉት በሚያዝያ ወር ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ሳሉ በግንቦት አረፉ። ልጁን በመርከብ እንግሊዝ ያደረሰው፣ የአገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ስለዚህ ፎቶው ሲነሳ ዓለማየሁ አባቱን ካጣ ሦስት ወር፣ እናቱን ካጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። ወይዘሮ ካሜሮን ብቻውንም፣ ከስፒዲ ጋርም አንስተውታል።

ፎቶዎቹ ላይ ሳቅ የለም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ መሳቅ ለማንም አይቻልም ነበር። ፎቶዎቹም የተሸነፈ ንጉሥን ልጅ ለማየት የጓጓ ሕዝብ በነበረበት አገር የተነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንኳ ስመለከታቸው የማየው የጦር ምርኮ ሳይሆን ልጅ ነው። ማንም ምንም ቢያለብሰው፣ ፊቱ ላይ የራሱ የሆነ ሐዘን አለ። ያ ሐዘን በሳቅ አልተሸፈነም። የልጁን እውነት ዛሬ ድረስ ያቆየልን አንዱ ምስክር ይኸው ፎቶ ነው።

ወይዘሮዋ በ1875 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሲሎን ሄዱ፤ በጥር 1879 እዚያው አረፉ። ከ1200 በላይ ፎቶዎች ትተዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ አቅራቢያ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ አይሆንም የሚል ነበር።

ልጆችን በጨዋታቸው መሀል አንሱ የሚለው ምክር መልካም ነው፤ እኔም ዛሬ እከተለዋለሁ። ወንበሩን ትቼ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ካሜራውን በልጁ ዓይን ልክ ዝቅ አደርጋለሁ፤ መስኮት አጠገብ ሆኜ እስኪረሱኝ እጠብቃለሁ። ነገር ግን መጫወት ያልፈለገ ልጅም ልጅ ነው። ዝምታውም የእሱ ነው።

የዓለማየሁን ፎቶ ካየሁ በኋላ የዚያን በዓል ፎቶዎች እንደገና አንድ በአንድ አየኋቸው። ተበላሽቷል ብዬ ወደ ጎን ካደረግኋቸው መካከል አንዱ የዚያው ልጅ ነው። ከወንበሩ ሊወርድ ሲል ሳላስበው የተነሳ ነው። እጁ ደብዝዟል፤ ዓይኑ በሩን ያያል። አሳተምኩትና ለአባቱ ወስጄ ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ምንም ሳይናገር የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው።